«እንዲህ ከሆነ እንዲህ አደርጋለሁ»፡ ነፍስን በውል ስለመያዝ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይሁን።

ስለ ነፍስ ትግል ከዚህ ቀደም ብዙ ተነጋግረናል። «እንታገስ፣ ቁርጠኛ እንሁን፣ ለአላህ የገባነውን ቃል እንጠብቅ» እያልን ደጋግመን መክረናል። ዛሬ የመጣነው ግን ምክራችን የጎደለውን ነገር ለመናገር ነው። ይህን ያስተማረን ደግሞ ሊመከር ወደኛ የመጣ አንድ ወንድማችን ነው። ስሙን እስካልጠቀስን ድረስ ታሪኩን ለሌላው መማሪያ እንድናደርገው ፈቅዶልናል።

አንድ ቃል የቀረው ሰው

ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህ ወንድም ከዒሻ ሶላት በኋላ ሰዉ ሲበተን ወደ ኋላ ቀርቶ ጠበቀን። ሾፌር ነው፤ የሦስት ልጆች አባት። በቁጣ ባለቤቱን ፈትቷት ነበር። ጉዳዩን ዑለሞች ዘንድ አቅርቦ አንድ ጠላቅ ተቆጥሮበታል፤ በዒዳዋ ውስጥም መልሷታል። ያለቅስ ነበር። እኛም ስለ ትዕግስት የምናውቀውን ሁሉ ነገርነው፣ ዱዓ አደረግንለት፣ «ሁለተኛ እንዳይለምድህ» ብለን ሸኘነው። እሱም ከልቡ ተውበት አድርጎ ሄደ።

ዓመት ሳይሞላ ተመልሶ መጣ። አላለቀሰም። ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠና «ኡስታዝ፣ ሁለት ሆነ። አንድ ብቻ ቀረኝ» አለን።

አድማጮቻችን፣ የሦስተኛው ጠላቅ ፍርድ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ከዚያ በኋላ ሴቲቱ ሌላ ሰው በእውነተኛ ጋብቻ አግብታ፣ ያም ጋብቻ በራሱ ምክንያት ካላበቃ በስተቀር ለመጀመሪያው ባሏ አትመለስም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንደሚባለው ነው። ሦስት ልጆች በአንዲት ቃል ጫፍ ላይ ተንጠልጥለው ነበር።

እኛም ዝም አልን። የምንሰጠው ምክር ያንኑ የፊቱን ነበርና። ሰውየው ውሸታም አይደለም፤ ሲምል ከልቡ ነበር። ቁርጠኝነትም አልጎደለውም። ነገር ግን ቁርጠኝነቱን የያዘው መስጂድ ውስጥ፣ ልቡ በረጋበት ሰዓት ነው። ቁጣው የሚመጣው ደግሞ እቤቱ በር ላይ፣ ደክሞትና ርቦት ሳለ ነው። በዚያች ቅጽበት «የተሻለ ሰው እሆናለሁ» የሚለው ቃል እጁን ምን እንዲያደርግ፣ እግሩን የት እንዲያሳርፍ አይነግረውም።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ያስተማሩት መንገድ

ወደ መጻሕፍቶቻችን ስንመለስ ያገኘነው ነገር አሳፈረን። ለዓመታት ስናስተምረው የኖርነው ነው፤ አካሄዱን ግን ልብ አላልነውም።

አቡ ዘር (ረ.ዐ) ያስተላለፉትንና አቡ ዳውድ የዘገቡትን ሐዲስ እናስታውስ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የተቆጣ ሰው ቆሞ ከሆነ እንዲቀመጥ፣ ካልበረደለት ደግሞ ጋደም እንዲል አዘዋል። ልብ በሉ፤ «አትቆጡ» ብለው ያስተማሩት ነቢይ እዚህ ላይ ቁጣው ከመጣ በኋላ ሰውነት ምን እንደሚያደርግ በዝርዝር ነገሩን። ምልክቱ ታወቀ፤ ድርጊቱም ታወቀ፤ የመጀመሪያው ካልሠራ ሁለተኛው ምን እንደሆነም ታወቀ።

ጾምንም ተመልከቱ። አንድ ሰው ጾመኛውን ቢሰድበው ወይም ሊጣላው ቢመጣ፣ ጾመኛ መሆኑን እንዲናገር ተነግሮታል። ምን ብሎ እንደሚመልስ በዚያች ሰዓት ማሰብ አይጠበቅበትም፤ መልሱ አስቀድሞ ተሰጥቶታል። ሶላትን ረስቶ ያለፈው ሰውም ባስታወሰ ጊዜ ይሰግዳል። አላህም (ሱ.ወ) በአል-አዕራፍና በፉሲለት ምዕራፎች የሸይጧን ጉትጎታ ሲያገኘን በእርሱ እንድንጠበቅ አዞናል። ሁሉም አንድ ዓይነት ግንብ አላቸው፤ «ይህ ከሆነ ይህን አድርግ» ነው።

በቡኻሪ የተዘገበውን የሦስቱን ቋጠሮ ሐዲስም እንጨምር። ሸይጧን በተኛ ሰው ማጅራት ላይ ሦስት ቋጠሮ ይቋጥራል። ሰውየው ነቅቶ አላህን ሲያወሳ አንዱ፣ ውዱእ ሲያደርግ ሁለተኛው፣ ሲሰግድ ሦስተኛው ይፈታል። የፈጅር ሶላት ለከበደን ሰዎች ይህ ትልቅ ትምህርት ነው። ከአልጋ ሳንወርድ ሶላቱን በሙሉ በልባችን ተሸክመን «እችል ይሆን?» ብለን እንድንከራከር አልተጠየቅንም። የመጀመሪያውን ቋጠሮ በምላሳችን እንፍታ፤ እሱ ሁለተኛውን ይጠራል።

የቀደምቶቻችን ብልሃት

የኢማም ማሊክ ተማሪ የነበሩት የግብጹ ዓሊም አብደላህ ኢብኑ ወህብ በ197 ዓመተ ሂጅራ ያለፉ ትልቅ የሐዲስ ሰው ናቸው። እኚህ ዓሊም ከሐሜት ለመራቅ ሲሉ ሰው ባሙ ቁጥር አንድ ቀን ሊጾሙ ለራሳቸው ቃል ገቡ። የሆነው ግን ያው ነበር፤ ያማሉ፣ ይጾማሉ። ጾሙ አደከማቸው፤ ሐሜቱም አልቀረም። ከዚያ ውሉን ለወጡት። በእያንዳንዱ ሐሜት አንድ ዲርሃም ሊሰድቁ ወሰኑ። ለዲርሃሙ ካላቸው ፍቅር የተነሳ ሐሜቱን ተዉት። ታሪኩን ኢማም ዘሀቢ በዓሊሞች የሕይወት ታሪክ መጽሐፋቸው አስፍረውታል።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ታላላቆቻችን በፈቃዳቸው ብርታት ብቻ አልተማመኑም፤ ከነፍሳቸው ጋር ውል ይዋዋሉ ነበር። ሁለተኛ፣ ውሉ ባይሠራ ውሉን ለወጡ እንጂ «እኔ አልረባም» ብለው ተስፋ አልቆረጡም። በ505 ዓመተ ሂጅራ ያለፉት ኢማም ገዛሊም በኢሕያእ መጽሐፋቸው ነፍስን ከንግድ ሸሪክ ጋር አመሳስለው፣ ከሁሉ አስቀድሞ ከእርሷ ጋር ሁኔታዎችን መዋዋልን፣ ከዚያ መከታተልን፣ ከዚያም መተሳሰብን አስቀምጠዋል። ገንዘቡን ያለ ውል ለሸሪክ የሚሰጥ ነጋዴ የለም። ዕድሜያችንን ግን ያለ ውል እንሰጣለን።

የዘመናችን ምሁራን ያገኙት

ሐዲስ የማንንም ምስክርነት አይጠብቅም። ነገር ግን የሰውን ባሕርይ የሚያጠኑ ምሁራን ከዚሁ ነገር ላይ መድረሳቸውን ማወቅ ይጠቅማል። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ምሁር ፒተር ጎልዊትዘር ከባልደረባቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት፣ ተማሪዎች የገና ዋዜማን እንዴት እንዳሳለፉ በሁለት ቀን ውስጥ ጽፈው እንዲልኩ ተጠይቀው ነበር። ከፊሎቹ መቼና የት ተቀምጠው እንደሚጽፉ አስቀድመው እንዲወስኑ ተደረገ። በጊዜው ጽፈው የላኩት፣ ሰዓትና ቦታ ከወሰኑት መካከል ካልወሰኑት ጋር ሲነጻጸሩ ከእጥፍ በላይ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ ጎልዊትዘርና ፓስካል ሺራን 94 ጥናቶችን አንድ ላይ መርምረው፣ ይህ ዓይነቱ ቅድመ ውሳኔ ሰዎች ያሰቡትን ወደ ተግባር እንዲለውጡ ከፍ ያለ እገዛ እንደሚያደርግ አሳይተዋል።

ምክንያቱ ረቂቅ አይደለም። ሰው «ይህን ሳይ ይህን አደርጋለሁ» ብሎ ሲወስን ውሳኔውን ለምልክቱ አደራ ይሰጣል። ምልክቱ ሲመጣ ድርጊቱ አብሮ ይመጣል፤ በድካምና በስሜት ሰዓት ከነፍስ ጋር አዲስ ክርክር አይከፈትም። በክርክሩ ነፍስ ከኛ ትበልጣለችና ክርክሩን ማስቀረት ይሻላል።

ወደ ወንድማችን እንመለስ

በማግስቱ ጠራነው። በዚህ ጊዜ «ለምን ተቆጣህ?» አላልነውም። «መቼ ነበር? የት ነበርክ? ከዚያ በፊት ምን ሆነ?» ብለን ጠየቅነው። አሰበና «ሁለቱንም ጊዜ ማታ ከሥራ ስገባ ነው። የቤት ኪራይ ተነሳ። እራት አልበላሁም ነበር» አለ። ትንሽ ቆየና «ኡስታዝ፣ ሁለቱንም ጊዜ ቆሜ ነበር። ጫማዬን እንኳ አላወለቅኩም» አለን።

እኛም ሐዲሱን አስታወስነው። እዚያው ተቀምጠን ውሉን በወረቀት ጻፍነው። «ማታ ስገባ የገንዘብ ነገር ከተነሳ ጫማዬን አውልቄ ምንጣፉ ላይ እቀመጣለሁ። ድምፄ ከፍ ካለ አዑዙ ቢላህ ብዬ ዝም እላለሁ። ካልበረደልኝ ጋደም እላለሁ።» ከዚህ ሌላ አልጨመርንም። ባለቤቱም ውሉን እንድታውቅ አደረግን። ጥፋቱ የእርሷ ነው ማለታችን አይደለም፤ የቤት ወጪ መጠየቅ ሐቋ ነው። እርሷ ግን በራሷ ፈቃድ «እሱ ከተቀመጠ ወሬውን ከእራት በኋላ አደርገዋለሁ» አለች። እጁን ለሚያነሳ ሰው ግን ይህ ብቻ አይበቃም፤ ሽማግሌና ሕግ ሊገቡበት ይገባል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እርሱ እንደነገረን እንንገራችሁ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብዙ ጊዜ ተቀመጠ፤ ልጆቹ «አባዬ ተቀመጠ» እያሉ ይስቁ ነበር። አንድ ምሽት ግን ውሉን ረስቶ ጮኸ። ቆሞ ነበር። በጩኸቱ መሐል ትንሿ ልጁ ምንጣፉን እየጎተተች አመጣችለት። ሰውየው ሲነግረን ድምፁ ይቆራረጥ ነበር፤ «ቃሏ አፌ ላይ ደርሳ ነበር፤ ስቀመጥ ተመለሰች» አለን። ዛሬም ቁጡ ሰው ነው። ቤቱ ግን አልፈረሰም፤ አልሐምዱሊላህ።

ውሉን እንዴት እንዋዋል?

አንደኛ፣ ምልክቱ የሚታይ ወይም የሚሰማ ይሁን። «ሲመቸኝ ቁርኣን እቀራለሁ» ውል አይደለም። «የመግሪብን ሶላት ሳሰላምት ከመስገጃው ሳልነሳ አንድ ገጽ እቀራለሁ» ውል ነው። አላህ ሶላትን በተወሰኑ ጊዜያት ስለደነገገልን አምስት የማያሳስቱ ምልክቶች በእጃችን አሉ፤ እንጠቀምባቸው።

ሁለተኛ፣ «አላደርግም» ከማለት ይልቅ የምናደርገውን እንተካ። «ሐሜት ሲነሳ አላማም» ያለ ሰው ልቡ ሐሜቱ ላይ ነው። «ሐሜት ሲነሳ የሰውየውን አንድ መልካም ነገር አነሳለሁ፤ ካልተዉ እነሳለሁ» ያለ ሰው ግን መንገድ አለው።

ሦስተኛ፣ በአንድ ውል እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው ሰዎች ለብዙ ዓላማዎች በአንድ ጊዜ እንዲህ ሲያቅዱ ጥቅሙ ይጠፋል። ረመዳን ሲያልቅ አሥር ነገር ቃል ገብተን በሸዋል መጨረሻ አንዱም የማይቀረን ለዚህ ነው። አላህ ዘንድ ተወዳጁ ሥራ ትንሽም ቢሆን ዘውታሪው መሆኑን እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ባስተላለፉት ሐዲስ ተምረናል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

አራተኛ፣ ለውድቀትም ውል ይኑረን። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መጥፎውን ሥራ የሚያብሰውን መልካም ሥራ እንድናስከትልበት መክረዋል። «ፈጅር ካለፈኝ እንደነቃሁ እሰግዳለሁ፤ የዚያን ቀን ማታም ከዒሻ በኋላ ሳልቆይ እተኛለሁ» እንበል። ውድቀቱ የውሉ መጨረሻ ሳይሆን የሌላ ውል ምልክት ይሆናል።

እነሆ ይህ ሁሉ መሣሪያ ነው። ልቡ ያልፈለገውን ሰው ውል አያነሳሳውም፤ ኒያ ይቀድማል። ሥር የሰደደ ሱስ ያለበትም ሰው ከዚህ በላይ እርዳታ ያስፈልገዋል፤ ሐኪምና ደጋፊ ይሻል። ግመሉን ይሰር ወይስ በአላህ ይመካ ብሎ ለጠየቀው ሰው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የሰጡትን መልስ ታስታውሳላችሁ፤ አስሮ እንዲመካ ነው ያሉት። ውላችን ገመዱ ነው። ጠባቂው አላህ ነው። ስለዚህ በአል-ከህፍ ምዕራፍ እንደተማርነው ነገ ለምናደርገው ሁሉ «ኢንሻአላህ» እንበል፤ ስንረሳም ጌታችንን እናውሳ።

አድማጮቻችን፣ ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት የምትቸገሩበትን አንድ ነገር ብቻ ያዙ። መቼና የት እንደሚጥላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። ከዚያም ለዚያች ሰዓት አንድ ድርጊት መድቡ፤ ለቤተሰባችሁም ንገሩ። ምናልባት አንድ ቀን እናንተ ስትረሱ ምንጣፉን የሚጎትትላችሁ ይኖራል።

አላህ ምላሳችንን፣ ቤታችንንና ልጆቻችንን ይጠብቅልን። የሰማነውን ከሚተገብሩት ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።