ቀጭን ቀለም፣ ሹል ብሩሽ



28 ሚሊ ሜትር ቁመት ያለውን የፕላስቲክ ወታደር ለመቀባት ብዙ ዕቃ አያስፈልግም። ወላጆች፣ ልጆቻችሁ አርባ ቀለም ያለበትን ሳጥን ግዙልን ቢሏችሁ እሺ አትበሉ። ለመነሻ ጥቁር፣ ነጭ፣ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊና ቡኒ አክሪሊክ ይበቃል፤ ሌላው ተደባልቆ ይገኛል።

ገንዘቡን ብሩሹ ላይ አውሉት። ብዙ ልጆች ምስሉ ትንሽ ስለሆነ በጣም ትንሿን ብሩሽ ይመርጣሉ። እኔ አልስማማም። እንደ ሽፋሽፍት የቀጠነ ብሩሽ የሚይዘው ጠብታ ምስሉ ላይ ሳይደርስ ይደርቃል። 1 ወይም 2 ቁጥር ሆኖ ጫፉ የሾለ ይሻላል። ቀለሙ ከፀጉሩ ግማሽ አይለፍ፤ ብረቱ ውስጥ ገብቶ ከደረቀ ፀጉሩ ይበተናል። ብርጭቆ ውሃ ውስጥ አቁማችሁም አትተዉት፣ ጫፉ ይጎብጣል።

ፕራይመር የሚባለውን የመደብ ቀለም ከቤት ውጭ ንፉ። በሻራብ ቀን ግን አይሆንም፤ አየር ላይ ደርቆ እንደ አሸዋ ይሻክራል። ከዚያ ቀለሙን በውሃ አቅጥናችሁ ሁለት ጊዜ ቀቡ፤ ወፍራም ከሆነ የፊቱን ቅርጽ ይደፍናል። የልብሱ እጥፋት እንዲታይ በጣም የቀጠነ ቡኒ ጣል አድርጉበት፣ ራሱ ጎድጓዳው ውስጥ ይተኛል።

ስለ ትንንሽ ምስሎች ካነሳን አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከጎንደር አጠገብ፣ ከወለቃ የመጣ የሸክላ ምስል ቤታችሁ ካለ እሱን አትቀቡት። ሸክላው ቀለሙን ይመጠዋል፣ ከዚያ በኋላ አይለቅም፤ የሠራችው እናት በእጇ የጫረችው መስመርም ይሸፈናል። መቀባት ያማረው ልጅ አያቱን ጭቃ ጠፍጥፊልኝ ይበላትና አዲሱን ይቀባ።