በሌላ ጊዜ፣ በሌላ ቦታ፦ «ስትሪትስ ኦፍ ፋየር» እና የሮክ ኤንድ ሮል ተረት ማራኪነት



አንድ ፊልም ለሕዝብ በቀረበበት ወቅት ከስሮና ተነቅፎ ከሲኒማ ቤቶች ከወረደ በኋላ፣ በቁጥር ጥቂት፣ በፍቅር ግን ጽኑ የሆኑ ተመልካቾችን እያፈራ ለዓመታት ሲኖር፣ የሲኒማ አጥኚዎች «ከልት ፊልም» ይሉታል። የከልት ፊልም መለያ ተመልካቹ ከሥራው ጋር ያለው ቁርኝት ነው፤ ይህ ተመልካች ፊልሙን ደጋግሞ ያያል፣ ንግግሩን በቃሉ ይይዛል፣ ሙዚቃውን ለብቻው ያደምጣል፣ ሌሎች ጉድለት የሚሉትንም እንደ ወዳጅ ጠባይ ለምዶ ይቀበላል። የዚህ ዲስኩር ርእሰ ጉዳይ በዚህ መንገድ ካለፉት ሥራዎች አንዱ የሆነው፣ አሜሪካዊው ዳይሬክተር ዋልተር ሂል ከላሪ ግሮስ ጋር ጽፎ እ.ኤ.አ. በ1984 ለዕይታ ያበቃው «ስትሪትስ ኦፍ ፋየር» የተሰኘ የሮክ ኤንድ ሮል የድርጊት ፊልም ነው። የዲስኩሩ መከራከሪያም አንድ ነው፦ የፊልሙን ማራኪነት ከተጋነነው ቅጡ ሥር መፈለግ አያስፈልግም፤ ማራኪነቱ ያለው እዚያው ቅጡ ላይ ነው፤ ይህ ቅጥ የወጣትነትን ስሜት ወጣቱ ራሱ በሚሰማው መጠን፣ ሳያሳንስና ሳያፍርበት ለማቅረብ ሆን ተብሎ የተመረጠ መንገድ ነውና።

ታሪኩ በአጭሩ ሊነገር የሚችል ነው። ኤለን ኤም የተባለች ዝነኛ የሮክ ዘፋኝ ሪችመንድ ወደሚባለው የቀድሞ ሠፈሯ ተመልሳ በመድረክ ላይ ስትዘፍን፣ ሬቨን ሻዶክ የሚመራው «ቦምበርስ» የተሰኘ የሞተር ብስክሌተኞች የወሮበላ ቡድን አዳራሹን ጥሶ ገብቶ ጠልፏት ይሄዳል። የቀድሞ ፍቅረኛዋ ቶም ኮዲ፣ ከውትድርና ወጥቶ የሚንከራተት ሰው፣ እኅቱ ሪቫ በላከችለት መልእክት ወደ ሠፈሩ ይመለሳል፤ የዘፋኟ ማናጀር ቢሊ ፊሽም 10,000 ዶላር ሊከፍለው ይዋዋላል። ቶም እንደ እሱ ወታደር ከነበረች ማኮይ ከምትባል ሴት ጋር «ባተሪ» ወደተባለው የወሮበሎቹ ሠፈር ዘልቆ ኤለንን ያስመልጣታል፤ ሬቨን ብድሩን ሊመልስ ሲመጣም በመላው ሠፈር ፊት ገጥሞ ያሸንፈዋል፤ ሆኖም ፍቅሩን ለመድረኳ ትቶላት ይሄዳል።

ዋልተር ሂል ወደዚህ ሥራ የገባው በሙያው ከፍታ ላይ ሳለ ነው። በ1979 የወጣውና ከጥንታዊው ግሪካዊ ጸሐፊ ከዜኖፎን የዘመቻ ታሪክ ሥር የሚመዘዘው «ዘ ዋርየርስ» የኒው ዮርክን የወሮበላ ቡድኖች እንደ ጥንት ሠራዊት ያሳየ ፊልም ሲሆን፣ ኤዲ መርፊን ለመጀመሪያ ጊዜ በሲኒማ ያስተዋወቀው የ1982ቱ «48 አወርስ» ደግሞ ከፍተኛ ገቢ አስገኝቶ ነበር። ይህ ስኬት ለዳይሬክተሩ የልቡን ለመሥራት ዕድል ሰጠው፤ እሱም በጉርምስናው ወቅት ልቡን ይሰቅሉ የነበሩትን ነገሮች፣ ማለትም የኒዮን መብራትን፣ የሌሊት ባቡርን፣ የቆዳ ጃኬትን፣ የሞተር ብስክሌትን፣ በዝናብ ውስጥ መሳሳምንና የክብር ጥያቄን በአንድ ፊልም ላይ ለማሰባሰብ ተነሣ። ዩኒቨርሳል ስቱዲዮ ፊልሙን በሰኔ 1984 መግቢያ ላይ ሲያወጣው ከ14 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶበት ነበር፤ በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ያስገባው ግን 8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ የቶም ኮዲን ጉዞ በሦስት ፊልሞች ለመቀጠል ታስቦ የነበረው ዕቅድ በመጀመሪያው ላይ ቀረ።

ፊልሙ ለተመልካቹ ውል የሚያቀርበው ገና ሲከፈት ነው። ሥራው የሮክ ኤንድ ሮል ተረት መሆኑን በጽሑፍ ካስታወቀ በኋላ ታሪኩ የተፈጸመው በሌላ ጊዜ፣ በሌላ ቦታ መሆኑን ይጨምራል፤ ተረት ነጋሪ በመክፈቻ ቃሉ አድማጩን ከዕለት ኑሮው አውጥቶ እንስሳት ወደሚናገሩበት ዓለም እንደሚያሻግረው ሁሉ፣ ይህም ጽሑፍ «ይህ ከተማ የት ነው? ዘመኑስ መቼ ነው?» የሚለውን ጥያቄ ከወዲሁ ይዘጋል። በዚህ ስም የለሽ ከተማ ውስጥ ፖሊሶች በ1950ዎቹ መባቻ የተሠሩ የስቱድቤከር መኪናዎችን ይነዳሉ፣ ወሮበሎቹ የዚያው ዘመን የቆዳ ልብስ ይለብሳሉ፣ መድረኩ ላይ የሚሰማው ሙዚቃ ግን የ1980ዎቹ ነው፤ ሁለቱ ዘመናት አንዱ ሌላውን ሳያስተባብል ጎን ለጎን ይኖራሉ። ከዚህ የተነሣ ፊልሙ ያለፈውን ዘመን ከሚናፍቁ ሥራዎች የተለየ ነው፤ ናፍቆት አንድ የታወቀ ዘመንን ይፈልጋል፣ ይህ ከተማ ግን በየትኛውም ዘመን ያልነበረ፣ በዘፈንና በፊልም ውስጥ ብቻ የኖረ ከተማ ነው።

ይህን የተዘጋ ዓለም ለመፍጠር የተደረገው ሥራም ከፍተኛ ነበር። ከፊሉ በቺካጎ፣ በብረት ምሰሶ ላይ ከፍ ብሎ በተዘረጋው የከተማ ባቡር ሥር የተቀረጸ ሲሆን፣ አብዛኛው የሪችመንድ ትዕይንት የተቀረጸው በዩኒቨርሳል ግቢ ውስጥ በተሠራ ጎዳና ላይ ነው፤ ፊልሙ ከሞላ ጎደል በሌሊት የሚካሄድ በመሆኑም ያ ጎዳና ከላይ በግዙፍ ሸራ ተሸፍኖ የሌሊት ትዕይንቶች በቀን እንዲቀረጹ ተደረገ። የካሜራ ባለሙያው አንድሩ ላዝሎ የኒዮን ቀለሞች በረጠበው አስፋልት ላይ እንዲያንጸባርቁ በማድረግ መሬቱን ራሱን የብርሃን ምንጭ አስመሰለው። ከአንድ ትዕይንት ወደ ሌላው የሚደረገው ሽግግርም ቢሆን ብዙ ጊዜ እንደ መጋዝ ጥርስ በተሰነጣጠቀ መስመር ምስሉን ጠርጎ የሚያልፍ ስለሆነ፣ የሥዕል መጽሐፍ ገጽ የመግለጥን ስሜት ይሰጣል። ሌሎች ዳይሬክተሮች ተመልካቹ ሰው ሠራሽነቱን እንዳያይ የሚደክሙበትን ነገር ዋልተር ሂል በግልጽ ያሳየዋል፤ ተረቱ ተረት መሆኑን ስላልደበቀም አይዋሽም።

በዚህ ዓለም ውስጥ የሚንቀሳቀሱት ሰዎች ደግሞ አርኪታይፕ፣ ማለትም በብዙ ትውልድ ታሪኮች ውስጥ እየተመላለሱ የጸኑ ጥንታዊ የሰው ዓይነቶች ናቸው። የተጠለፈችን ሴት ለማስመለስ የሚዘምት ተዋጊ ከትሮይ ጦርነት ጀምሮ የታወቀ ሲሆን፣ በአሜሪካ ሲኒማም ጆን ፎርድ በ1956 በሠራው «ዘ ሰርቸርስ» በተሰኘው ዌስተርን ውስጥ ጎልቶ ይታያል፤ ዌስተርን ማለት በአሜሪካ ምዕራባዊ ግዛቶች የድንበር ኑሮ ላይ የተመሠረተ የፈረሰኞችና የጠመንጃ ታሪክ ዘውግ ነው። ማይክል ፓሬ የሚጫወተው ቶም ኮዲ የዚህ ዘውግ ጀግና በፈረስ ፈንታ መኪና ይዞ የመጣ ነው፤ ጥቂት ይናገራል፣ ለገንዘብ የመጣ ይመስላል፣ በመጨረሻ ግን ከክፍያው የባልደረባውን ድርሻ ብቻ አስቀርቶ ሌላውን ይመልሳል፤ ሰላም ባስገኘበት ሠፈርም አይኖርም። ኤሚ ማዲጋን የምትጫወታት ማኮይ በመጀመሪያው ጽሑፍ ወንድ ሆና የተጻፈች ገጸ ባሕርይ ነበረች፤ ተዋናይቷ ሚናውን ጠይቃ ስትወስደው ንግግሩ ብዙም ሳይለወጥ በሴት አንደበት ተነገረ፤ በዚህም የተነሣ በፊልሙ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ያልተጠበቀችውና ነጻ የሆነችው ሰው እሷ ሆነች።

እነዚህ ሰዎች ንግግራቸው አጭርና ደረቅ ስለሆነ የውስጣቸውን ሊገልጡ አይችሉም፤ ገላጩ ዘፈን ነው። የፊልሙ ዋና ጥበብ ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ነገሩን ረጋ ብሎ መመርመር ይገባል። ጊታሪስቱ ራይ ኩደር ለጎዳናው ትዕይንቶች ሻካራ የጊታር ሙዚቃ ሲሠራ፣ ታሪኩን ከፍተው የሚዘጉትን ሁለት ታላላቅ ዘፈኖች የደረሰው ግን ጂም ስታይንማን ነው። ስታይንማን የሮክን ፍጥነት ከኦፔራ ግዝፈት ጋር የሚያጋባ ደራሲ ነበር፤ በድርሰቶቹ ፒያኖ እንደ ከበሮ ይመታል፣ ኅብረ ድምፅ በላይ በላይ ይደረባል፣ ዜማው ማብቃት ሲገባው ሌላ ከፍታ ይጀምራል። ኤለን ኤምን የምትጫወተው ዳያን ሌን በመድረክ ላይ ስትታይ የሚሰማው ድምፅ የእሷ አይደለም፤ የሎሪ ሳርጀንትና የሆሊ ሸርዉድ ድምፆች ተዋሕደው የተቀረጹበት ነው፤ ተዋናይቷ አፏን ከተቀረጸው ድምፅ ጋር ታስማማለች። ይህ አሠራር ሊፕ ሲንክ ይባላል። አንዲት ሴት በሁለት ሴቶች ድምፅ መዝፈኗም ለዚህ ፊልም ተስማሚ ነው፤ ኤለን ኤም በመድረክ ላይ ስትቆም የአንድ ሰው ጉሮሮ ከሚችለው በላይ የሆነ ድምፅ ያስፈልጋታልና።

የመክፈቻው ትዕይንት ይህን ሁሉ በተግባር ያሳያል። ቆረጣው፣ ማለትም ምስሎች የሚቀያየሩበት ቅጽበት፣ የከበሮውን ምት ይከተላል፤ የሕዝቡ እጆች በጀርባ ብርሃን ጥላ ሆነው ይወዛወዛሉ፤ በዚያው ዜማ ውስጥ ወሮበሎቹ በአዳራሹ ጨለማ ተሰልፈው ይቆማሉ፤ የሬቨንም ፊት ከጥላው ቀስ እያለ ይወጣል። ደስታውና አደጋው በአንድ ምት ስለሚጓዙ፣ ጠለፋው ሲፈጸም ዘፈኑ ራሱ የወለደው ይመስላል። የመዝጊያው ትዕይንት ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። የፊልሙ ስም የተወሰደው ብሩስ ስፕሪንግስቲን በ1978 ካወጣው ዘፈን ሲሆን፣ ያ ዘፈን በፊልሙ ውስጥ ሳይካተት ስለቀረ በምትኩ ስታይንማን አዲስ ድርሰት አዘጋጀ። ዘፈኑ ወጣትነት የሚታወቀው በዚህች በአንዷ ሌሊት ነው የሚል መንፈስ ያለው ሲሆን፣ የሚዘፈነውም ቶም አዳራሹን ትቶ በሚሄድበት ሰዓት ነው፤ ስለዚህ ሁለቱ ፍቅረኞች በቃል ሊባባሉት ያልቻሉትን ዘፈኑ ይናገርላቸዋል፣ የእሷ ድልና የእሱ ማጣትም በአንድ ዜማ ይፈጸማሉ። በዚሁ ኮንሰርት ላይ አራት ጥቁር ዘፋኞች ያሉት «ሶረልስ» የተባለ ቡድን የሚያቀርበው የፍቅር ዘፈን ደግሞ ደራሲው ዳን ሃርትማን ራሱ ዘፍኖት በአሜሪካ የቢልቦርድ ሠንጠረዥ 6ኛ ደረጃ ደርሷል፤ ፊልሙ ሲከስር ዘፈኑ በየሬዲዮው ይሰማ ነበር።

የድርጊቱም አቀራረብ የዚሁ ቅጥ አካል ነው። ጠመንጃው አብዝቶ የሚተኮሰው በሞተር ብስክሌቶች ላይ ስለሆነ ማሽኖቹ በእሳት ሲጋዩ ደም አይታይም፤ የመጨረሻው ፍልሚያም በረጃጅም እጀታ መዶሻዎች የሚደረግ ስለሆነ ከዘመናዊ ግድያ ይልቅ የጥንት ባላባቶችን ግጥሚያ ይመስላል። ዊለም ዳፎ በሬቨን ሚና ገርጥቶ፣ ጸጉሩን ወደ ኋላ አበጥሮ፣ የሚያብለጨልጭ ጥቁር ልብስ ለብሶ ሲታይ፣ ክፋቱን ለማስረዳት አንድም የኋላ ታሪክ አያስፈልገውም።

በፊልሙ ላይ የቀረቡት ነቀፌታዎች ሚዛን ሊደፉ የሚችሉ ስለሆኑ ማለፍ አይገባም። ገጸ ባሕርያቱ ጥልቀት የላቸውም የሚለው ክስ በልብ ወለድ መስፈርት ሲመዘን እውነት ነው፤ ነገር ግን ተረት የሰዎችን ውስብስብነት ሳይሆን የድርጊታቸውን ክብደት ስለሚሻ፣ መስፈርቱ ለዚህ ሥራ አይስማማም። ሁለተኛው ክስ ግን ይበልጥ ከባድ ነው፤ ኤለን ኤም በመድረክ ላይ ኃያል ሆና ሳለ ከመድረክ ስትወርድ የምትጠለፍ፣ የምትድንና የምትጠበቅ ብቻ ትሆናለች፤ ቶም ከፍልሚያው ሊያርቃት በቡጢ መትቶ ራሷን ሲያስታት የሚታይበት ትዕይንትም በምንም የቅጥ ማብራሪያ አይሻርም። ፊልሙን መውደድ ይህን ጉድለት መካድን አይጠይቅም፤ የጥንት ታሪኮችን ኃይል የወረሰ ሥራ ዕዳቸውንም አብሮ እንደሚወርስ ማወቅን ግን ይጠይቃል።

ከክስረቱ በኋላ ፊልሙን ያቆዩት የቪዲዮ ካሴትና የቴሌቪዥን ሥርጭት ነበሩ፤ ከአሜሪካ ውጪም በተለይ በጃፓን ታላቅ ተወዳጅነት አገኘ። በ1987 መውጣት የጀመረው «ባብልገም ክራይሲስ» የተሰኘው የጃፓን የካርቱን ፊልም በሮክ ዘፋኝ ገጸ ባሕርዩ ታሪኩን ሲከፍት፣ የኤለን ኤም መድረክ ዱካ በግልጽ ይታይበታል። ይህ ተቀባይነት የሚያስደንቅ አይደለም፤ በየትኛውም ካርታ ላይ የሌለ ከተማ ለአሜሪካዊውና ለጃፓናዊው ወጣት እኩል ቅርብ ነው፣ እንግዳም ባለአገርም የለበትም።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ድምዳሜ ለአንድ ፊልም ብቻ የሚያገለግል አይደለም። የ1984 ሐያሲያን ብዙዎቹ ሥራውን የመዘኑት ለገሃዱ ዓለም ባለው ቅርበት ስለነበር ባዶ ቅርፊት ሆኖ ታያቸው፤ ወዳጆቹ ግን ለስሜት ባለው ታማኝነት መዘኑት፣ ሙሉ ሆኖም አገኙት። ጎረምሳ ሲያፈቅር ከተማው ሁሉ ለእሱ ብቻ የበራ ይመስለዋል፤ ሲለያይ ደግሞ ዓለም የምታበቃ ይመስለዋል። ጎልማሳው በዚህ ስሜት ሊስቅ ይችላል፤ ዋልተር ሂልና ጂም ስታይንማን ግን አልሳቁም፤ ስሜቱ የሚመጥነውን ከተማ፣ የሚመጥነውን ብርሃንና የሚመጥነውን ዜማ ሠሩለት። አንድ የሥነ ጥበብ ሥራ የሰውን ስሜት በቁም ነገር መያዙ ከታላላቅ ግዴታዎቹ አንዱ ከሆነ፣ «ስትሪትስ ኦፍ ፋየር» ያንን ግዴታ በሙሉ ልቡ የተወጣ ፊልም ነው፤ ከአርባ ዓመት በኋላም የሚወደደው ስለዚህ ነው።