ስለ አንድ አሮጌ የሸክላ ማጫወቻ
(በዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተነበበ)



ነፍሳቸውን ይማርና የሟች አባላችንን የሸክላ ማጫወቻ ልጆቻቸው ሊጥሉት ሲሉ ተቀብለን አሠራነው። ጠጋኙ ሣጥኑን በአዲስ እንለውጠው ቢለን እንቢ አልን፤ ሟቹ ከዋንዛ ጠርበው በእጃቸው የሠሩት ነዋ! ሞተሩም ቢሆን ጤነኛ ነበር። ዘፈኑ የሚጎተተው ሳህኑን የሚያዞረው ጎማ ደርቆ ስለሚንሸራተት ነው። በ1960ዎቹ ዓ.ም. አምሃ እሸቴ ያሳተማቸው ትንንሽ ሸክላዎች በደቂቃ 45 ጊዜ መዞር አለባቸው፤ ካነሰ የሴቷ ድምፅ የወንድ ይመስላል። ጎማው ተለወጠ፤ የደረቀው ግራሶ ተጠርጎ ዘይት በጠብታ ገባ። መርፌውም አዲስ ነው፤ ያለቀ መርፌ ሸክላ ይፍቃል። እንጨቱን ውሃ አላስነካንም፤ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት መስመሩን ተከትለን አሸነውና ስስ ቫርኒሽ ቀባነው። ከክዳኑ ውስጥ ግን ሟቹ በእርሳስ የጻፉት ልኬት አለ። እሱን አልነካነውም፤ ልጆቹ ሲረከቡ ይዩት።