ስለ ደከመ ልብና ስለ ኪኒኑ



እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ጡረታ የወጣሁ ጸሐፊ ነኝ። ግን ኪኒኑን ስለምውጥ ጠይቄ የጻፍኩትን አነብላችኋለሁ።

በአገራችን ነገሩ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በልጅነት ሳይታከም ከቀረ የቶንሲል ሕመም ነው። ቆይቶ የልብን በር ያበላሻል። ልብም ይደክማል፣ ምቱ ይዛባል። ያን ጊዜ ደም ልብ ውስጥ ይረጋና ወደ አንጎል ሄዶ ሰውን ባንድ ጎኑ ይጥለዋል። እኛ ታዲያ «ልክፍት ነው» እንላለን!

ምቱን ለማረጋጋት እንደ ዲጎክሲን ያለ ኪኒን አለ። በኤሌክትሪክ ምቱን መመለስም አለ። በሩ ለተበላሸበት ደግሞ ቀዶ ሕክምና አለ፤ ጥቁር አንበሳ ግቢ ያለው የልብ ማዕከል በ2001 ዓ.ም. ተከፍቷል። ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው ዋርፋሪን ነው። አዳዲሶች ወጥተዋል፤ በሩ ክፉኛ ለጠበበበት ሰው ግን አሁንም የሚመረጠው እሱ ነው።

ዋርፋሪን ጠባዩ ከባድ ነው፤ ሲያንስ ደም ይረጋል፣ ሲበዛ ያደማል። ስለዚህ ደም በየጊዜው ይለካል። ጎመንም አንድ ቀን ጠግቦ ሳምንት መተው ልኩን ያዛባል። (በዶዮገና ጎመን ተዉ ማን ይላል! መጠኑ አይለዋወጥ ነው የተባለው።) «ተሻለኝ» ብሎ ማቋረጥማ አይሞከርም።

ዕድራችን ለድንኳንና ለሣጥን ያወጣል። ደሙን ለማስለካት ከዶዮገና ወጥቶ ለሚሄድ አባልም የመሳፈሪያ ብድር ይፈቀድለት ብዬ አመልክቻለሁ፤ የዕድሩ ዳኛ ይዩልኝ።