የሸሕዲ ሰሊጥና የማይታየው ደንበኛ



ከጎንደር ተነሥቶ በጭልጋ በኩል ወደ ሱዳን ጠረፍ የሚወርድ መንገደኛ፣ ደጋው አልቆ ሙቀቱ ሲበረታ፣ ገንደ ውኃ በመባልም የምትታወቀውን ሸሕዲን ያገኛል። በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት የደረሰ እንደሆነ፣ ለአጨዳ ከደጋ የወረደ ብዙ ሠራተኛ ይመለከታል። የዚህ ሁሉ ግርግር ምክንያቱ ሰሊጥ ነው።

በዚያ አገር ንግዴን ላሳድግ የሚል ሰው አስቀድሞ የሚያስበው መሬትን ስለ መጨመር ነው። መሬት ሲሰፋ ኩንታል ይበዛል፤ ኩንታል ሲበዛ ገንዘብ ይመጣል ይባላል። አሳቡ ፈጽሞ ስሕተት ነው ለማለት አይቻልም። ነገር ግን ሰሊጡ የሚመረተው በአብዛኛው ለውጭ ገበያ በመሆኑ፣ አምራቹ የመጨረሻ ደንበኛውን በዓይኑ አይቶት አያውቅም። የሚያውቀው ሰብሳቢውንና ሚዛኑን ነው። ሚዛን ደግሞ ክብደትን እንጂ የገዢን ፍላጎት አይናገርም።

ይህ የማይታየው ደንበኛ አንድ ሰው አይደለም። የኢትዮጵያን ሰሊጥ በብዛት ከሚገዙት አገሮች አንዷ በሆነችው በቻይና፣ ብዙው ሰሊጥ ለዘይት ይውላል። ከፍሬው ክብደት ግማሽ ያህሉ ዘይት ስለሆነ፣ ጨማቂው ዋና ጉዳዩ የዘይቱ መጠን ነው፤ የቅርፊቱ መልክ እምብዛም አያስጨንቀውም። በእስራኤልና በሌሎች የመካከለኛው ምሥራቅ አገሮች ጠሒና የሚሠራው ግን ነጣ ያለ፣ መጠኑ የተስተካከለና ጣዕሙ የጣፈጠ ፍሬ ይፈልጋል። የሁመራና የጎንደር ሰሊጥ ከወለጋው ተለይቶ የሚፈለገው በዚሁ ንጣቱና ጣዕሙ ነው። ዳቦ ላይ የሚነሰንሰውስ? እርሱ ከሁሉ አስቀድሞ አሸዋን ይፈራል፤ አንዲት ጠጠር የበላተኛን ጥርስ ካገኘች ደንበኝነቱ በዚያው ያበቃልና።

መሐንዲስ፣ በዚህ ጉባኤ ፊት መናገሩ ድፍረት ካልሆነ፣ በልማዱ መኪናውን ከደንበኛው ያስቀድማል። ማበጠሪያ መኪና ይተከል፣ ሁሉም ይስተካከላል ይላል። ወንፊት በመጠን ይለያል፤ ነፋስ ቀላሉን ያወጣል። የፍሬውን ያህል የሆነች ጠጠር ግን ወንፊቱን አብራ ታልፋለች፤ እርስዋን ለመለየት በክብደት የሚያበጥር ሌላ መኪና ያስፈልጋል። መራራነትን የሚለይ ወንፊት ከቶ የለም። የታጨደው ሰሊጥ ታስሮ እንዲደርቅ በሚቆምበት ጊዜ፣ ይኸውም በአገሩ አጠራር በሂላው፣ ዘይቱን የምትመጥ ተባይ ትገባበታለች፤ የተመጠጠው ፍሬ ይጨማደዳል፤ ይመርራልም። ስለሆነም ጠሒና ሠሪው የሚከፍልበት ጥራት አብዛኛው የሚወሰነው ከፋብሪካ በፊት ነው፤ ሂላው በጊዜው በመራገፉና ፍሬው በባዶ መሬት ሳይሆን በሸራ ላይ በመውደቁ።

እዚህ ላይ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። በሸራ ላይ ያራገፈው ገበሬ ድካሙ በዋጋ ይመለስለታልን? በ2000 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሰሊጥን በደረጃ መድቦ ማገበያየቱ ታላቅ እርምጃ ነበር፤ ሻጩ ዋጋን ማወቅና ክፍያውን መተማመን ቻለ። ሆኖም ምርት በደረጃ ተጠቃልሎ ሲቀመጥ የአምራቹ ማንነት አብሮ ይጠፋል። የማን ማሳ እንደሆነ የሚጠይቅ ገዢ መልስ ካላገኘ፣ ሸራ የገዛውም ያልገዛውም በአንድ ዋጋ ይሸጣሉ። በሚቀጥለው ዓመት ሸራ የሚገዛ ይኖራል ብሎ ማሰብ ያስቸግራል።

የውጭው ዓለም ተሞክሮም ሊታሰብ ይገባል። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ አውሮፓውያን ከሕንድ በመጣ ሰሊጥ ውስጥ ኤቲሊን ኦክሳይድ የተባለ ኬሚካል አገኙ፤ ከጥቅምት ወርም ጀምሮ የአውሮፓ ኅብረት የሕንድን ሰሊጥ ጭነት ግማሽ ያህሉ ወደብ ላይ እንዲመረመር ደነገገ። ኬሚካሉ ጀርምን ለመግደል የሚውል ነው፤ ገዢም ከጀርም የጸዳ ሰሊጥ ይፈልጋል። ዳሩ ግን ጀርሙ በዚያ ኬሚካል እንዲጠፋለት አልፈለገም፤ በአውሮፓ ለምግብ ክልክል ነበርና።

በሸሕዲ የማበጠሪያ ፋብሪካ ሊያቆም የተነሣ ባለ ገንዘብ ወደ መሐንዲስ ሲመጣ፣ ብዙውን ጊዜ የሚጠየቀው በሰዓት ስንት ኩንታል እንደሚፈልግ ነው። ለማን እንደሚሸጥ ግን አስቀድሞ መጠየቅ አለበት። ለዘይት ጨማቂ ከሆነ ውድ የሆነውን የቀለም መለያ መኪና መግዛቱ ገንዘብን መጣል ነው። ለጠሒና ሠሪ ከሆነ ደግሞ ከመኪናው አስቀድሞ ለገበሬዎቹ ሸራ ቢገዛላቸውና የእያንዳንዱን ምርት ለብቻው የሚያኖርበት መጋዘን ቢሠራ ይሻለዋል።