የናፍጣ ፊልትሮ የማን ሥራ ነው?

(በጉደር በተካሄደው የማኅበራችን አባላት ስብሰባ ላይ የመኪና ኮሚቴው ያቀረበው ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ የወጪ ዝርዝሩ ሲነበብ «የናፍጣ ፊልትሮ» የሚለው መስመር ላይ ብዙ እጅ ወጥቶ ነበር። «መኪናው እየሄደ ምን ይቀየርለታል?» ያላችሁ አላችሁ። «ይኼ የሾፌሩ ሥራ ነው እንጂ እኛን ምን አገባን?» ያላችሁም አላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ብሩ የሁላችንም ነው። ስለዚህ እኛ የመኪና ኮሚቴው ሦስት አባላት ዛሬ መልስ ይዘን ቀርበናል። ሦስታችንም መካኒክ አይደለንም። ፊልትሮውን ግን መካኒኩ አጠገባችን ቆሞ እያየ በገዛ እጃችን ፈትተን በገዛ እጃችን ገጥመነዋል።

መኪናችንን ታውቁታላችሁ። ‹ስሪ ኤል› የሚባለው ሞተር ያለው አሮጌ ሃይሉክስ ነው። የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር እሳት የሚጭር ካንዴላ የለውም። አየሩን አጥብቆ ይጨምቀውና ያግለዋል፤ በጋለው አየር ላይ ናፍጣ ሲረጭበት ይቀጣጠላል። ናፍጣውን በኃይል የሚገፋው ፖምፓው ነው፣ የሚረጨው ደግሞ ኖዝሉ ነው። በፖምፓው ውስጥ ያሉት ብረቶች በጣም ተጠጋግተው የተሠሩ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከአንዲት የራስ ጠጉር ውፍረት በብዙ እጥፍ ያንሳል። እነዚህን ብረቶች የሚያለሰልስ ሌላ ዘይት የለም። የሚያለሰልሳቸው በውስጣቸው የሚያልፈው ናፍጣ ራሱ ነው። እንግዲህ ናፍጣው ደቃቅ አሸዋ ይዞ ከገባ እንደ ሞረድ ይፍቃቸዋል፤ ውሃ ይዞ ከገባ ያዝጋቸዋል።

ፊልትሮው በሰልባትዮውና በፖምፓው መካከል የተቀመጠ ወንፊት ነው። በቆርቆሮው ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አለ፣ ቆሻሻውን የሚይዘው እሱ ነው። ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ወደ ታች ይዘቅጥና ከሥር ይጠራቀማል። ከወጥ ላይ ዘይት ሲንሳፈፍ ያየች ሴት ይህን ለመረዳት ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልጋትም።

(በነገራችን ላይ ፊልትሮ፣ ፖምፓ፣ ኮፋኖ የሚሉት ስሞች ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ጋራዥ ስትሄዱ የማታውቁት ቋንቋ ከመሰላችሁ አትሸማቀቁ፤ መካኒኩም የተዋሰው ነው።)

ውሃው ከየት ይመጣል? አገራችን ናፍጣዋን በሙሉ ከውጭ ታስገባለች፣ አብዛኛው የሚመጣውም በጅቡቲ በኩል ነው። ከመርከብ ወደ ዴፖ፣ ከዴፖ ወደ ቦቴ፣ ከቦቴ ወደ ማደያ ጉድጓድ ሲገለባበጥ መንገዱ ረጅም ነው። ማደያ ናፍጣ ሲያልቅ ደግሞ ከጀሪካን እንገዛለን። ጀሪካኑ ትናንት ምን ይዞ እንደነበር፣ በክረምት ዝናብ ክዳኑ ተከፍቶ ይሁን አይሁን ማን ያውቃል? ሌላው ምንጭ ከገዛ ሰልባትዮአችን ነው። ግማሽ ባዶ ሆኖ ሲያድር በውስጡ ያለው አየር ሌሊት ይቀዘቅዝና በቆርቆሮው ላይ ጤዛ ይሆናል፤ ጤዛው ይወርዳል። ለዚህ ነው ማታ ከሥራ ሲገባ ቢቻል ሞልቶ እንዲያድር የምንወተውተው።

ፊልትሮ ሲደፈን መኪናው ይናገራል። ሜዳ ላይ ደህና ይሄዳል፤ ጭነት ይዞ ወደ ጌዶ ሽቅብ ሲታጠፍ ግን ይደክማል። ነዳጅ ቢረግጡለት ጉልበት አይጨምርም፣ አንዳንዴም እየተንገታገተ ይሄዳል። ጠዋት ለመነሳት ያስቸግራል። ከሾፌሩ ፊት ለፊት የፊልትሮ ሥዕል ያለበት መብራት ከበራ ደግሞ ውሃው ሞልቷል ማለት ነው። ያን መብራት አይቶ «እንደርሳለን» ብሎ መንዳት የለም። አምፖሉን ነቅሎ መንዳትማ ጭራሽ! ይህን የሚያደርጉ እንዳሉ ሰምተናል።

መብራቱ ሲበራ ሁልጊዜ አዲስ ፊልትሮ መግዛት ግዴታ አይደለም፤ ውሃውን ማፍሰስ ይቻላል፣ ይህም ምንም ብር አይጠይቅም። ሞተሩ ይጠፋል። ከፊልትሮው ሥር ዕቃ ይደረግና ከታች ያለችው የፕላስቲክ ብሎን ላላ ትደረጋለች። ከፊልትሮው ራስ ላይ ያለውን የእጅ መግፊያ ጥቂት ጊዜ ጫን ጫን ሲያደርጉት መጀመሪያ ውሃው፣ ቀጥሎ ንጹሕ ናፍጣ ይወርዳል። ብሎኗ በእጅ ትጠብቃለች፤ በፒንሳ ከተጠመዘዘች ትሰበራለች። የወረደውን በጠርሙስ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ ውሃው ከታች ተለይቶ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ነዳጅ የሚከፈለው በስልክ ስለሆነ የት እንደተቀዳና መቼ እንደተቀዳ መልእክቱ ይቀራል። ጠርሙሱንና መልእክቱን ጎን ለጎን ስናይ ከየትኛው ቦታ መቅዳት እንደሌለብን እንለያለን።

ፊልትሮው ራሱ ሲቀየር ደግሞ እንዲህ ነው። ሞተሩ ይቀዘቅዛል፤ በአካባቢው ክብሪትም ሲጋራም አይኖርም። ዙሪያው በጨርቅ ይጸዳል፤ አቧራ ከገባ ለምን ደከምን? ውሃው ይፈስሳል፣ ከሥር ያለችው የመብራቱ ሽቦ ትነቀላለች፣ ፊልትሮው ወደ ግራ ተጠምዝዞ ይወጣል። የውሃ መለያዋ ከአሮጌው ተፈትታ ወደ አዲሱ ትዛወራለች፤ የጎማ ቀለበቷም በአዲስ ትተካለች። አሮጌው የፊልትሮ ጎማ ከላይ ተጣብቆ አለመቅረቱን እዩ፤ ሁለት ጎማ ከተደራረበ ናፍጣው ያንጠባጥባል። የአዲሱ ጎማ ንጹሕ ናፍጣ ይቀባል። ከዚያ በእጅ እስኪነካ ድረስ ይጠመዘዛል፣ ከነካ በኋላ ሦስት ሩብ ዙር ያህል ይጨመርለታል። ከዚያ በላይ ጉልበት አያስፈልገውም።

አሁን ዋናው ነገር አየሩ ነው። አዲሱ ፊልትሮ ውስጥ አየር አለ፣ ፖምፓው ደግሞ አየር አይገፋም። የእጅ መግፊያውን እስኪጠነክር ድረስ ደጋግሞ መጫን ነው፤ ሠላሳም አርባም ጊዜ ሊሆን ይችላል፣ አውራ ጣት ሲደክም ተራ መለዋወጥ ነው። ሲጠነክር ይነሳል። ተነስቶ ከጠፋ እንደገና ይጫናል እንጂ ባትሪው እስኪሞት ቁልፍ አይጠመዘዝም። በመጨረሻ ሞተሩ እየሠራ በዙሪያው የሚያንጠባጥብ እንዳለ ይታያል። የኖዝሎቹን ቱቦ ግን አንነካም። እዚያ ያለው ግፊት ቆዳ በስቶ ይገባል፣ ያ የመካኒክ ድርሻ ነው።

«አሮጌው በኮምፕሬሰር ተነፍቶ አይሠራም ወይ?» ብላችኋል። አይሠራም። ወረቀቱ ሲነፋ ይቀደዳል፤ የተቀደደ ወንፊት ዱቄቱንም እንቅዳዱንም እኩል ያሳልፋል። ስንገዛም ርካሽ ነው ብለን አንገዛም። ሶማሌ ተራም ሆነ አምቦ ስንሄድ አሮጌውን በፌስታል ይዘን እንሄዳለን፤ ጥርሱን፣ ቁመቱን፣ ጎማውን እናስተያያለን። ወረቀቱ ስስ፣ ጎማው ደረቅ ከሆነ እንመልሳለን። የመኪናው መመሪያ ከሚለው ኪሎ ሜትር በፊት እንቀይራለን ብለን የወሰንነውም በአቧራችንና በጀሪካናችን ምክንያት ነው።

ወጪውን በተመለከተ መካኒኩን ጠይቀናል። ለአንድ የፖምፓ እድሳት የሚወጣው ብር የብዙ ዓመት ፊልትሮ ይገዛል። መኪናው ጋራዥ የሚቆምባቸው ሳምንታት ደግሞ በዚህ ሒሳብ ውስጥ አልገቡም። በእነዚያ ሳምንታት ሽንኩርቱና ድንቹ በማን ጀርባ ይወጣል? እናንተው ታውቃላችሁ። ሌሊት ምጥ የያዛትን እህታችንን አምቦ የሚያደርሰውም ይኸው መኪና ነው። አምቦ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ብትሆንም በዚያ ሰዓት ሩቅ ናት። «ይሸጥና ሌላ ይገዛ» ለሚሉም፣ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት ከኤሌክትሪክ መኪና በቀር የግል መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከልክሏል። በእጅ ያለው የናፍጣ መኪና እየተወደደ እንጂ እየረከሰ አይሄድም። የያዝነውን ማቆየት አለብን።

ሾፌራችን ጎበዝ ልጅ ነው፣ ይህን የምንለው እሱን ለመውቀስ አይደለም። ነገር ግን እሱ ዛሬ አለ፣ ነገ የተሻለ ደመወዝ ሲያገኝ ይሄዳል፤ መኪናው ግን የእኛው ነው። ስለዚህ ሦስት ነገር እንዲወሰንልን እንጠይቃለን። አንደኛ፣ የፊልትሮ ወጪ በየጊዜው እጅ የሚወጣበት ሳይሆን ቋሚ መስመር ይሁን። ሁለተኛ፣ አንድ ትርፍ ፊልትሮና መፍቻው ምንጊዜም ከሾፌሩ ወንበር ኋላ ይቀመጥ። ሦስተኛ፣ ከእያንዳንዱ የቁጠባ ቡድን ሁለት ሁለት ሴቶች ሥራውን ይማሩ።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት መኪናው ከግቢያችን አይወጣም፤ ፊልትሮው የሚቀየርበት ቀን ነው። አሮጌ ልብስ ልበሱ፣ ቀለበትና አምባር ቤት አስቀምጡ። ጨርቅ፣ ሳሙናና ባዶ ጠርሙስ እኛ እናዘጋጃለን። የሚፈስሰውን ናፍጣ በጀሪካን አጠራቅመን ለጋራዡ እንሰጣለን፤ ወደ ጉደር ወንዝ የሚሄድ ቦይ ውስጥ አንድ ጠብታ አይወርድም። ስም የምትጽፉበት ደብተር በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ነው።