የጦር መሪ ብልኀት ለንግድ ሥራ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የንግድ ትምህርት ተማሪዎች ያሰሙት ንግግር)



 የመረጥነው ርእስ «የጦር መሪ ብልኀት ለንግድ ሥራ ምን ይጠቅማል?» የሚል ነው። ይህንንም የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። በመካከላችን የደብተሩና የልብሱ ዋጋ ከወላጆቹ ሱቅ የሚወጣ ብዙ ተማሪ አለ። ሱቁ የተዘጋ እንደ ሆነ የሚጎዳው ባለሱቁ ብቻ አይደለም፤ የልጁም ትምህርት አብሮ ይሰናከላል። ሱቅ ደግሞ የሚዘጋው ሁልጊዜ በገንዘብ ማነስ አይደለም፤ በአመራር ጕድለትም ይዘጋል።

የጦር አመራር ሲባል ለብዙ ሰው የሚመስለው መጮኽና መቈጣት ነው። ዳሩ ግን በ1888 ዓ.ም. የተደረገውን የዓድዋን ዘመቻ የመረመርን እንደ ሆነ የምናገኘው ትምህርት ሌላ ነው።

መዠመሪያው ትምህርት የትእዛዝ ግልጽነት ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በመስከረም 1888 ዓ.ም. የክተት ዐዋጅ ሲያስነግሩ፣ የዘመቻውን ምክንያት ከገለጹ በኋላ የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ ላይ እንዲገናኛቸው አዘዙ። ምክንያቱም፣ ቦታውም፣ ጊዜውም በዐዋጁ ውስጥ ነበረ። ስለዚህ ዐዋጁን የሰማው ባላገር ለምን፣ ወዴትና መቼ እንደሚሄድ ዐወቀ።

በኢጣልያ ጦር በኩል የሆነውን ደግሞ እንመልከት። ጄኔራል ባራቲዬሪ ለየካቲት 23 ቀን አጥቢያ ጦሩን በአራት ክፍል አድርጎ በሌሊት አስጓዘ። ጄኔራል አልቤርቶኔም ኪዳነ ምሕረት የተባለውን ኮረብታ እንዲይዝ ታዘዘ። ነገር ግን በተሰጠው ንድፍ ላይ ኪዳነ ምሕረት ተብሎ የተጻፈው ቦታና የአገሩ ሰው በዚህ ስም የሚጠራው ቦታ አንድ አልነበሩም። አልቤርቶኔም የመንገድ መሪዎቹን ቃል ሰምቶ ብዙ ኪሎ ሜትር ወደ ፊት ዐለፈ፤ ከጓደኞቹም ተለይቶ ብቻውን ከኢትዮጵያ ጦር ጋር ተጋጠመ። ድሉ የአባቶቻችን ጀግንነትና አንድነት ፍሬ መሆኑ የታወቀ ነው። ሆኖም አንድ ስም ለሁለት ቦታ በመሆኑ ምክንያት ስንት ሰው እንደ ጠፋ ልብ ይሏል።

ይህ ነገር በሱቅም ይደርሳል። ባለሱቁ ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድ ለሠራተኛው «ዱቄት ሲቀንስ ግዛ» ብሎት ይሄዳል። ለጌታው «ሲቀንስ» ማለት ሦስት ኩንታል ሲቀር ነው፤ ለሠራተኛው ግን የመጨረሻው ጆንያ ሲገለበጥ ነው። በማግስቱ ደንበኛው ባዶ እጁን ይመለሳል፤ ጌታውም ሠራተኛውን ይቈጣል። ጥፋቱ ግን የትእዛዙ ነው። «ሦስት ኩንታል ሲቀር በዚያኑ ቀን ግዛ፤ ደንበኛ አጥቶ እንዳይሄድብን ነው» ቢለው ኖሮ፣ ሠራተኛው ቍጥሩንም ምክንያቱንም ዐውቆ፣ ያልታሰበ ነገር ቢያጋጥመው እንኳ በራሱ አሳብ መላ ይፈልግ ነበር።

ሁለተኛው ትምህርት ስንቅ ነው። ከዓድዋ ጦርነት በፊት በሁለቱም ወገን ስንቅ ሊያልቅ ተቃርቦ ነበር። ባራቲዬሪ ወደ ኋላ ለመመለስ ቢያስብም፣ ከሮማ የሚመጣው ግፊትና የጄኔራሎቹ ምክር ወደ ፊት ገፋው። ስንቅ ያለቀበት መሪ ጊዜውን አይመርጥም፤ ጊዜው እሱን ይመርጠዋል። የነጋዴ ስንቅም በእጁ ያለው ጥሬ ገንዘብ ነው። የሽያጩን ገንዘብ ሁሉ ለድግስ ያዋለ፣ ወይም ዕቃውን ሁሉ በዱቤ የበተነ ነጋዴ፣ አበዳሪ በመጣበት ቀን ዕቃውን በርካሽ ለመሸጥ ይገደዳል።

ሦስተኛው ምክር መስማት ነው። በመቀሌ የኢጣልያኖችን ምሽግ በኀይል ለመስበር ተሞክሮ ብዙ ወታደር ካለቀ በኋላ፣ እቴጌ ጣይቱ የውሃው ምንጭ እንዲያዝ መከሩ። ምክራቸው ተሰማ፤ በምሽጉ ያለውም ጦር ውሃ ስለ ጠማው በጥር ወር ምሽጉን ለቆ ወጣ። በሱቅም ቢሆን ደንበኛው ምን ጠይቆ እንዳጣ ከሁሉ ይልቅ የሚያውቀው በባንኮኒው ላይ የሚቆመው ልጅ ነው። ማታ ሒሳብ ሲዘጋ እሱን መጠየቅ ምንም ወጪ የለውም።

ነገር ግን ንግድ ጦርነት አይደለም። ወታደር በሕግ ታስሮ ይታዘዛል፤ ሠራተኛ ግን የተበደለ እንደ ሆነ ጥሎ ይሄዳል። በአጠገባችን የሚነግደው ሰው ጎረቤታችን እንጂ ጠላታችን አይደለም። ደንበኛም የሚማረክ ሳይሆን የሚገለገል ነው። ስለዚህ ከጦር መሪ የምንወስደው ጥንቃቄውን እንጂ ጭካኔውን አይደለም።

ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ! ነገ ከእኛ መካከል ሱቅ የሚከፍት፣ መሥሪያ ቤት የሚመራም ይኖራል። እስከዚያው ድረስ ግን በየቤታችን ወላጆቻችንን በመርዳት፣ የጎደለውን ዕቃ በመመዝገብና የዱቤውን መዝገብ በንጹሕ በመጻፍ እንዠምር። እናንተም ወላጆቻችን፣ ልጆቻችሁ በሒሳቡ ሲጠይቋችሁ እንደ ድፍረት አትቍጠሩብን።